ልጃችን ድንበር ተሻጋሪ ነው

ኮሮና ከመምጣቱ በፊት እኔ የጅቡቲ ሹፌር ነበርሁ፤ ሌላ ስም አልነበረኝም። ሰው «ሥራህ ምንድን ነው?» ሲለኝ «ጅቡቲ እመላለሳለሁ» እለዋለሁ፤ «ሙቀቱስ?» ይለኛል፤ «አይጣል ነው» እለዋለሁ፤ ወሬያችን እዚያ ላይ ያልቃል። ዓመታት በዚህ ዓይነት አለፉ። ከዚያ በሽታው መጣና የማናውቀውን ቃል ሁሉ አስተማረን። «ንክኪ» አልን፣ «ርቀት መጠበቅ» አልን፣ «ለይቶ ማቆያ» አልን። እኛም አንድ ቀን በረሃው ኬላ ላይ ስንደርስ አዲስ ስም ወጥቶልን ጠበቀን። «ድንበር ተሻጋሪ አሽከርካሪዎች በዚህ በኩል» ይላል።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስሙን ወደድሁት። «አሽከርካሪ» የሚለው ብቻውን ከ«ሹፌር» ይከብዳል። «ድንበር ተሻጋሪ» ሲጨመርበት ደግሞ ሰውየው መሪ ይዞ የሚውል ሳይሆን ከሆነ ሰፊ ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጦ የሚፈርም ይመስላል። ሬዲዮ በከፈትሁ ቁጥር ስለ እኛ ይወራል። ድንበር ተሻጋሪዎች ማንንም እንዳይጭኑ፣ ድንበር ተሻጋሪዎች ካልተፈቀደ ቦታ እንዳይቆሙ፣ ድንበር ተሻጋሪዎች ከኅብረተሰቡ ጋር እንዳይቀላቀሉ። የሚወራው ሁሉ ክልከላ ነበር፤ እኔ ግን ስሜ መጠራቱን እንጂ የተከለከልሁትን አልሰማም። እንዲህ ያለሁ ሰው ነኝ፤ ሲሰድቡኝም በሙሉ ስሜ ከሆነ ደስ ይለኛል።

በዚህ ሞቅታ ላይ ሳለሁ ፍኖተ ሰላም ላይ አንድ ማስታወቂያ የሚጽፍ ሰው አገኘሁ። የመኪናዬ ግንባር ላይ «ተመስገን ፈጣሪ» የሚል ጽሑፍ ነበር፤ ፀሐይ በልቶት «ተመ» ብቻ ቀርቷል። እሱን አስፍቄ፣ በቀይ ቀለም፣ ከወንዝ ማዶ በሚነበብ ፊደል «ድንበር ተሻጋሪ» አስጻፍሁበት። ረዳቴ ዘለቀ ወገቡን ይዞ ሲያየው ቆየና «ፈጣሪን አውርደህ ራስህን ሰቀልህ» አለኝ። ዘለቀ በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ረዳት ይሁን አለቃ እኔም አንዳንድ ቀን ይምታታብኛል።

እንግዲህ ስለ እናንየ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የሷ ነው።

እናንየ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ የገበሬዎች ማኅበር መጋዘን ኃላፊ ናት። የተዋወቅነው በማዳበሪያ ነው። እኔ ከጅቡቲ ያመጣሁትን ቡሬ ሳራግፍ እሷ የቀበሌዋን ድርሻ ልትረከብ መጥታ አንድ የተቀደደ ኬሻ አየችና «ይህን መንገድ ላይ ርቦህ ነው?» አለችኝ። ወዛደሮቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ኬሻውን ሁሉ ቀድጄ ባመጣ በወደድሁ ነበር። እሷም ብትሆን መኪናው ደጅ ላይ ሲቆም ነጠላዋን የምታስተካክለው ለማዳበሪያው እንዳልሆነ ቆይቶ ገባኝ።

እኔና እሷ ተስማማን። የቀሩት አባቷ ነበሩ። በእኛ አገር ይህ «የቀረው» የሚባለው ዋናው ነገር ነው። እናንየም ቁርጡን ነግራኛለች፤ «እወድሃለሁ፤ ያለ አባቴ ምርቃት ግን ከዚህ ቤት አልወጣም» ብላኛለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ አባትና ልጅ ብቻቸውን ናቸው። አያ ጥሩነህ እምቢ ካሉ እናንየ የለችም ማለት ነው፤ ይህን አስቤ ብዙ ቀን መሪ ላይ ዝም ብዬ ተጉዣለሁ።

አያ ጥሩነህ ደግሞ ቁም ነገረኛ ገበሬ ናቸው፤ አንድ ቁስል ግን አለባቸው። ከጎረቤታቸው ማሳ ጋር የሚለያቸው ሳይታረስ የሚተው የሣር ድንበር አለ። ጎረቤትየው በየእርሻው ወቅት፣ ሰው ሳይነሳ፣ ከዚያ ሣር ላይ አንዲት ትልም ይወስዳል። ድሮ ላም ተኝታ የምታመሰኳበት ሣር ነበር ይባላል፤ አሁን ዶሮም ዘወር አትልበትም። በሽማግሌ ተይዟል፣ በቀበሌ ተይዟል፣ ፍርድ ቤትም ደርሷል፤ ያየ ምስክር የለም እየተባለ ይመለሳል። አያ ጥሩነህ ስለ ድርቅም ስለ ወረርሽኝም ሲወራ ረጋ ብለው ነው የሚሰሙ፤ ድንበር የሚል ቃል ከተሰማ ግን ከተቀመጡበት ይነሳሉ።

እኔ ይህን ሁሉ ማወቅ ነበረብኝ። አጎቴ አያ በላይም ማወቅ ነበረባቸው። ሽማግሌ አድርጌ የላክሁት እሳቸውን ነው፤ ሁለት ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው ሄዱ። እኔ ያን ጊዜ ወደብ ላይ ተራ እየጠበቅሁ ነበር። የሆነውን የነገረችኝ ከጓዳ ሆና የሰማችው እናንየ ናት፤ አጎቴ የነገሩኝማ «ሁሉንም አሳምሬ ነግሬያቸው ነበር፤ ምን እንዳስቆጣቸው እንጃ» የሚል ብቻ ነው።

በወትሮው ሽማግሌ ደጅ ቆሞ፣ ግቡ ተብሎ፣ አጠገብ ለአጠገብ ሆኖ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚለምን። ያን ሰሞን ግን ርቀት ጠብቁ ተብሏልና አያ ጥሩነህ ከበረንዳቸው፣ ሽማግሌዎቹ ከአጥሩ በር ሆነው በጩኸት ያወሩ ጀመር። አጎቴ ማስክ አድርገዋል።

«ልጃችሁ ሥራው ምንድን ነው?» አሉ አያ ጥሩነህ።

«ሹፌር ነው።»

«የመኪና?»

«የመኪና። ግን ተራ ሹፌር እንዳይመስልዎት፤ ልጃችን ድንበር ተሻጋሪ ነው!»

አያ ጥሩነህ ከተቀመጡበት ተነሱ።

«ምን ነው አሉኝ አያ በላይ?»

አጎቴ በማስኩ ምክንያት ያልተሰሙ መስሏቸው ወደ አገጫቸው አወረዱትና ጮክ ብለው ደገሙት። «ድንበር ተሻጋሪ!»

«ተደብቆ ነው በግልጽ?»

«ምን ያስደብቀዋል? መኪናው ግንባር ላይ በቀይ ቀለም አስጽፎታል እኮ!»

«መንግሥትስ ይህን ያውቃል?»

«አውቆማ ወረቀት ሰጥቶታል! በየኬላው ያንን ሲያሳይ ዞር ብለው ያሳልፉታል።»

«ለመሆኑ ከጀመረ ቆየ?»

«እንዴ! የለመደ ነው እንጂ! በየወሩ ይሻገራል። ወደፊትም ገና ብዙ ይሻገራል፤ ጉልበቱን ይስጠው።»

ሁለቱ ተከታይ ሽማግሌዎች «አሜን» አሉ። እናንየ እዚህ ላይ ስትደርስ በስልክ ሳቋ አላናግር አላት። እኔ አልሳቅሁም፤ የሚቀጥለውን ፈርቻለሁ።

አያ ጥሩነህ እንዲህ አሉ አለችኝ፦ «እኔ አንዱ ድንበር ተሻጋሪ ጎረቤት ሆኖብኝ እህል አልበላ ብሎኛል። ሁለተኛውን አማች ላድርገው? ያውም አስጽፎ! በሉ በደህና ግቡ። ልጃችሁም በእኔ ደጅ እንዳይመጣ።»

«አንቺስ አላስረዳሻቸውም?» አልኋት።

«‹አባዬ፣ የአገር ድንበር ማለታቸው ነው› አልኋቸው። ‹እርሻውን ጨርሶ ወደ አገር አልፏል በይኛ!› አሉኝ።»

ከዚያ በኋላ ሳቋ ቆመ። ስልኩ ውስጥ ትንፋሿን ብቻ እሰማለሁ። «ራስህ መጥተህ ንገራቸው፤ እኔ ስናገር ለባል ብላ ነው ይላሉ» አለችኝ። ስታለቅስ ሰምቻት አላውቅም ነበር።

እሺ፣ እመጣለሁ አልኋት። መምጣት እንዲህ ቀላል መስሎኝ።

ጭኜ ስመለስ በረሃው ኬላ ላይ ናሙና ሰጠን። ውጤቱ በስልክ ይነገራችኋል፣ እስኪነገራችሁ ንዱ፣ ግን ከመኪናችሁ ወርዳችሁ ከሰው እንዳትቀላቀሉ ተባልን። ይህ እንኳን ደህና ነበር። ሙቀት ልኬት ላይ ነው የተበላሸብን። ዘለቀ እንደ ልማዱ ትራሱን ጋቢና ውስጥ ባለው የሞተር ክዳን ላይ አድርጎ፣ ግንባሩን ክዳኑ ላይ ደፍቶ ተኝቶ ነበር የመጣ። ባለሙያው መለኪያውን ወደ ግንባሩ ሲያስጠጋ መሣሪያው ጮኸ።

«ሙቀቱ የሞተሩ ነው እንጂ የሱ አይደለም» አልሁ።

«እኔ ሞተሩን አልለካሁም» አለኝ ባለሙያው።

አስቀሩት። ዘለቀ ትራሱን በብብቱ ይዞ፣ በሰማያዊ ልብስ ከተሸፋፈኑት ሰዎች ጋር ሲሄድ ዞር አለና «ግንባርህ ላይ ያለውን አስፍቅ!» ብሎኝ ሄደ። ስለ በሽታው አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እኔም ከዚያ በኋላ ብቻዬን ሆንሁ፤ አብሮኝ ያለው ሐሳብ ብቻ ነው። ዘለቀ ሞተሩ አሙቆት ነው እያልሁ ስስቅ እቆይና ደግሞ ባይሆንስ እላለሁ። አንድ ጋቢና ውስጥ ስንት ሌሊት አብረን ተኝተናል፤ እሱ ካለበት እኔም አለብኝ።

መንገድ ላይ ያየሁትን ሁሉ ብነግራችሁ አያልቅም። ድሮ ልጆች መኪናዬን ሲያዩ «ላስቲክ! ላስቲክ!» እያሉ ባዶ የውሃ ዕቃ እንድወረውርላቸው ይሮጡ ነበር፤ አሁን እኔ ብወረውርላቸው «ኮሮና!» እያሉ ይበተናሉ። ፍኖተ ሰላም ስደርስ ግን እፎይ አልሁ። እዚያ እትዬ ሙሉ አሉ፤ ስንት ዓመት ምግብ ቤታቸው በልቻለሁ፣ ልጄ እያሉ በእጃቸው ያጎረሱኝ ሴት ናቸው። ደጃቸው ላይ አቁሜ ጡሩምባ ነፋሁ። ብቅ አሉ፤ አዩኝ፤ ፊታቸው በደስታ በራ፤ ከዚያ ሁለት እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው፦

«እዚያው! እዚያው ሁን ልጄ! እወድሃለሁ፣ ግን እዚያው ሁን!»

«አልወርድም እትዬ፤ ሽሮ ብቻ ነው የፈለግሁ።»

ሽሮው በፌስታል ሆኖ፣ ፌስታሉ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ማገር ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ወደ መስኮቴ መጣ። እትዬ ሙሉ ማገሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ በዓይን የሚጋባ መስሏቸው ይሁን ከብዷቸው አላውቅም። ፌስታሉ አፍንጫዬ ሥር ሲደርስ እሽክርክሪት ጀመረ። ልይዘው ስል ይሄዳል፣ ስተወው ይመጣል። ሰፈሩ ወጥቶ «ግራ! ቀኝ! ዝቅ!» እያለ ይመራል። በመጨረሻ ግማሹን እኔ፣ ግማሹን የመኪናው በር በላነው። እትዬ ሙሉ ዓይናቸውን ሲገልጡ ግንባሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበቡት።

«ጭራሽ ጽፈኸዋል? እኔ ለሰው ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው እያልሁ እየደበቅሁልህ!»

ቡሬ መግቢያ ስደርስ በሽሮ ተለውሼ፣ እንቅልፍ አዙሮኝ ነበር። ኬላ ላይ ያለው ጠባቂ ከሩቅ ሆኖ «ማኅበርህ ማን ነው?» አለኝ። የጭነት መኪና ማኅበሬን መጠየቁ ነበር፤ እኔ ግን የደከመ አእምሮዬ በቀጥታ ጽዋ ወደምንጠጣበት ሄደና «የሚካኤል» አልሁት።

«መሰብሰብ ተከልክሎ የለም እንዴ? አሁንም ትጠጣላችሁ?»

«ካቆምን ቆየን።»

«ታዲያ ማኅበር የለህም ማለት ነው! ያለ ማኅበር እንዴት ትጭናለህ?»

ነገሩ እስኪፈታ ከኋላዬ ረጅም ሰልፍ ተሠራ። ሚካኤል ይቅር ይበለኝ፣ በመጨረሻ ካድሁት።

ቡሬ መጋዘን ስደርስ ተሳቢውን ፈትቼ አቆምሁ። የፊተኛው መኪና ላይ ያለው ማዳበሪያ የእነእናንየ ቀበሌ ድርሻ ነበር። በወትሮው ከዚያ በአይሱዙ ነው የሚጓጓዝ፤ አይሱዙዎቹ ግን በእገዳው ምክንያት አልመጡም፣ ገበሬው በቆሎውን እየዘራ ማዳበሪያ ይጠብቃል፣ የመጋዘኑ አለቃ ራሱን ይዟል። «እኔ አደርሰዋለሁ» አልሁ ከመስኮቴ። ማንም አልጠየቀኝም ነበር። «መንገዱን ታውቀዋለህ?» አለኝ አለቃው። «አሳምሬ!» አልሁት። አውቀው የነበረ በሐሳብ ስመላለስበት እንጂ በጎማ አልነበረም።

ለእናንየ ደወልሁ። «እየመጣሁ ነው።»

«በምን?»

«በመኪናው።»

«ያ ጽሑፍ ባለበት?»

«በሱ።»

«እባክህ ሸፍነው» አለችኝ።

ጋቢዬን ግንባሩ ላይ በገመድ አሰርሁት። መኪናው ራሱን የታመመ ሰው መሰለ። ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ዝናብ ወረደ፤ ነጩ ጋቢ ውሃ ሲጠጣ ቆርቆሮው ላይ ተለጠፈና ቀዩ ቀለም ከሥሩ ወጣ። በኋላ እንደነገሩኝ፣ ከሩቅ «ተሻጋሪ» የሚለው በደንብ ይነበብ ነበር።

መጋዘኑ ጋ ስደርስ ዝናቡ አባርቷል። የቀበሌው ሰው ማዳበሪያውን ያራግፋል፤ እኔ መስኮቴን ዘግቼ ተቀምጫለሁ። እናንየ በመጋዘኑ በር ላይ በማስክ ቆማለች፤ ዓይኗን ብቻ አያለሁ። ስንት ወር ያላየኋት ሴት ናት፤ ከእኔ እስከ እሷ ያለውን ቦታ አንድ ጊዜ ዘልዬ እደርስበታለሁ። እጇን ትንሽ አነሳችልኝ። እኔም የዝናብ መጥረጊያውን አንድ ጊዜ አወዛወዝሁላት፤ ሌላ የማደርገው ነገር አጣሁ።

አራግፈው ጨረሱ። እንግዲህ መዞር አለብኝ። መንገዱ መጋዘኑ ጋ ያልቃል፤ ለአይሱዙ እንጂ ለእኔ መኪና የሚሆን ማዞሪያ የለም። ከኋላ ሆኖ የሚያሳየኝ ዘለቀ በረሃ ቀርቷል። በግራ በኩል ባለው ማሳ አፍንጫውን ትንሽ ባስገባ እዞራለሁ ብዬ መሪውን ጠመዘዝሁ። መሬቱ ጭቃ ነበር። ፊት ጎማዎቹ ተንሸራተው፣ ተንሸራተው ቆሙ። የግራው ጎማ አንድ ማሳ ውስጥ ነው። የቀኙ ጎማ ሌላ ማሳ ውስጥ ነው። መሐል ለመሐል፣ ከመኪናዬ ሆድ ሥር፣ አንዲት ቀጭን የሣር መስመር አለች። ያችን ጊዜ ነው ገመዱ ተበጥሶ ጋቢዬ የወደቀ።

እናንየን አየኋት፤ በሁለት እጇ ፊቷን ይዛለች። የማን ማሳ እንደሆነ ማንም ሊነግረኝ አላስፈለገም።

አያ ጥሩነህ በማሳው መሐል በዱላቸው እየተደገፉ መጡ። ሲተነፍሱ ደረታቸው ከሩቅ ይሰማል፤ አስም አለባቸው። በወዲያኛው በኩል ደግሞ ጎረቤትየው ወጥቶ እጁን አጣምሮ ቆመ። አያ ጥሩነህ ከመኪናው ፊት ቆመው ጽሑፉን እያንዳንዱን ፊደል እየለዩ አነበቡት።

መስኮቱን ዝቅ አድርጌ «እንደምን ዋሉ አያ ጥሩነህ» አልሁ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«እውነትም በግልጽ ነው።» ጎማዎቹን አዩ፣ ሣሩን አዩ፣ እኔን አዩ። «ልጄን የምትፈልገው ከልብህ ነው?»

«ከልቤ ነው።»

«እንግዲያው ሽማግሌ አልፈልግም። ውረድና ጉልበቴን ስመህ ራስህ ጠይቀኝ።»

ሰዉ አጉረመረመ። ይህን ነበር የለመንሁት! ጉልበት ስሙ ያሉ አባት ለእምቢታ አይጠሩም፤ ወርጄ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ስሜ፣ ነገሩን በአንድ አፍ አስረድቼ እጨርሰዋለሁ። እጄ የበሩን መክፈቻ ይዟል። እናንየ ፊቷን ገልጣ ታየኛለች። ደረታቸው ሲያፏጭ እሰማለሁ። ዘለቀ ትራሱን ይዞ ሲሄድ ይታየኛል። የእኔም የሱም ውጤት ነፃ መሆኑን በኋላ ነው የሰማሁ፤ ያን ሰዓት ግን ስልኬ ዝም እንዳለ ነበር። እጄን ከመክፈቻው አነሳሁ።

«አልወርድም አያ ጥሩነህ።»

«ምን አልህ?»

«ጉልበትዎን ለመሳም ከዚህ ከመኪና አይደለም፣ ከገደልም እወርድ ነበር። ግን ተመርምሬ ውጤቴ አልመጣም። ረዳቴንም አስቀርተውታል። በሽታው ካለብኝ ወደ እርስዎ አላመጣውም። ከዚህ በር ወዲያ አልሻገርም።»

አፌ ነው የተናገረው፤ ቃሉን አስቤ አልመረጥሁትም። አያ ጥሩነህ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዩኝ።

«እዚህ የኬላ ሰው የለም። ማን ያይሃል?»

«ማንም አያየኝም። ግን እርስዎ አሉ።»

ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አነሱ። እናንየን ያጣሁ መሰለኝ። ከዚያ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ወዲያኛው ማሳ ዞሩ፤ እጁን አጣምሮ ወደ ቆመው ጎረቤታቸው።

«ሰማህ?» አሉት። «ማንም ሳያየው የማይሻገር ሰው አለ።»

ጎረቤትየው የታጠፈ እጁን ፈታ፤ የሚያደርግበት ቢያጣ መልሶ አጠፈው፤ ቀጥሎ ጫማውን ያይ ጀመር። ሰዉ ሣቁን በየማስኩ ውስጥ አፈነ። እኔ ለሣቅም ለለቅሶም አልደረስሁም፤ መሪው ላይ እንዳለሁ አፌን ከፍቼ ቀርቻለሁ።

አያ ጥሩነህ ግን ሥራ ይዘዋል። በዱላቸው ሰዉን ገለል አድርገው፣ መኪናውን ዞረው፣ ከኋላ በኩል መጋዘኑ ደጅ ላይ ቆሙ። በመስታወት አያቸዋለሁ። ዱላቸውን እንደ ደህና ረዳት ከፍ አደረጉ።

«ሣሩን እንዳትነካብኝ! የሱንም ቡቃያ እንዳትነካ! ቀስ!»

የኋላ ማርሽ አስገባሁ።

«ና! ና! ግራ ያዝ! ና!»

ጎማዎቹ ከጭቃው ተላቀቁ። መስታወቱ ደብዝዞብኛል፤ ዝናብ ግን ካቆመ ቆይቷል። እናንየ አባቷ አጠገብ መጥታ ቆማለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ የሳቅ ይሁን የሌላ በማስክ አይለይም።

«ና ልጄ! ና!»

መኪናው ከማሳው ወጥቶ፣ ቀና ብሎ፣ አፍንጫውን ወደ ቡሬ አድርጎ መንገዱን ያዘ። አያ ጥሩነህ ግን አላቆሙም፤ ዱላቸውን ወደ ራሳቸው እየሳቡ አሁንም «ና! ና!» ይሉኛል። የምሄድበት መንገድ በፊት ለፊቴ ተዘርግቶ ነበር፤ እኔ ግን ማርሹን ወደ ኋላ እንደያዝሁ፣ እንዳሉኝ፣ መጣሁ።